ውሃውን ማን አቀላው?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ቀለም ነው። የግድግዳ ቀለም ወይም የሥዕል ቀለም እንዳይመስላችሁ፤ የፎቶ ነው። በአንድ ፎቶ ውስጥ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ የአንድ ነገር ቀለም ብቻ ሲቀየር ምን ይፈጠራል? ሰማያዊው ቀሚስ ቀይ፣ ግራጫው ሰማይ ብርቱካን ሲሆን ማለቴ ነው። ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ ታክሲ እየጠበቀ የሚሠራው ነገር ስለሆነ ታሪክ ያለው አይመስልም። አለው። ለዚያውም ደም ያለበት ታሪክ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁና እንቀጥል።)

ኖቬምበር 17 ቀን 1997። ቦታው ግብፅ፣ ሉክሶር አጠገብ ያለው የንግሥት ሃትሼፕሱት ቤተ መቅደስ። ንግሥቲቱ ወደ ፑንት ምድር የላከቻቸው መርከቦች በግድግዳው ላይ የተቀረጹበት፣ እኛም በታሪክ ትምህርት ስሙን የምናውቀው ያው ቤተ መቅደስ ነው። በዚያ ቀን ጠዋት ስድስት ታጣቂዎች ገብተው በጎብኚዎች ላይ ተኩስ ከፈቱ። 62 ሰዎች ሞቱ፤ 58ቱ የውጭ ሀገር ሰዎች፣ 4ቱ ግብፃውያን። ከሟቾቹ 36ቱ የስዊዘርላንድ ዜጎች ነበሩ። ለዚያች ትንሽ ሀገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ብሊክ የተባለው የስዊዘርላንድ ዕለታዊ ጋዜጣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የቦታውን ፎቶ አወጣ። በፎቶው ላይ ቤተ መቅደሱ አለ፤ ከፊቱ ደግሞ መሬት ላይ የተኛ ውሃ አለ። ፎቶው ጋዜጣው ላይ ታትሞ ሲወጣ ግን ውሃው ውሃ አልነበረም። ቀልቶ ነበር። አንባቢው ያየው ከቤተ መቅደሱ ሥር የሚፈስ ደም ነው።

ልብ በሉ፤ በፎቶው ላይ አንድ ሬሳ አልተጨመረም። አንድ ሰው አልተቀነሰም። የተነካው የአንድ ነገር ቀለም ብቻ ነው። ደግሞስ በዚያ ቦታ ደም አልፈሰሰም እንዴ? ፈስሷል እንጂ! 62 ሰው ሞቷል እኮ። ታዲያ ጋዜጣው የዋሸው ምኑን ነው?

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ጥያቄ ነው። ለመመለስ ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

ፎቶግራፍ ለዓለም በይፋ የተነገረው በ1839 ነው፤ የፈረንሳዊው የዳጌር ፈጠራ። ሕዝቡ ተደነቀ። ድንቁ ሲበርድ ግን ማጉረምረም ጀመረ፦ «ይሄ ነገር ቀለም የለውም እንዴ?» በብር የተለበጠው ሳህን ላይ የታየው ፊት የራስ ፊት ነው፤ ግን የአመድ ፊት ነው። ሥዓሊ ጉንጭን ያቀላል፣ ከንፈርን ያደምቃል። ማሽኑ አይችልም።

መፍትሔው ብዙም ሳይቆይ መጣ። (ዕጣ ፈንታ ቀልድ ታውቃለችና) ከመጀመሪያዎቹ ፎቶ ቀቢዎች አንዱ የስዊዘርላንድ ሰው ነበር። ዮሐን ባፕቲስት ኢዘንሪንግ ይባላል። የቀለም ዱቄት ከሙጫ ጋር እያዋሐደ በቀጭን ብሩሽ ፎቶ ላይ ይቀባ ነበር። ሙጫው እኛም የምናውቀው የግራር ዛፍ ሙጫ ነው። በ1842 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ሪቻርድ ቢርድ የተባለ ነጋዴ ፎቶ የመቀባት ዘዴን በፓተንት አስመዘገበ። ነገሩ ገበያ ሆነ ማለት ነው። በ1860ዎቹ ጃፓን ዮኮሃማ ውስጥ ፌሊቼ ቤያቶ ስቱዲዮ ከፍቶ በእጅ የተቀቡ ፎቶዎችን ለውጭ ሰዎች መሸጥ ጀመረ።

የዚያን ዘመን ፎቶ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ብዙ ጊዜ የሚቀባው ሁሉም ነገር አይደለም። ጉንጭ ትንሽ ሮዝ ይነካል። ቀለበቷና የአንገት ሐብሏ ወርቅማ ይሆናሉ። የመኮንኑ ቁልፎች ያብረቀርቃሉ። የቀረው ግራጫ ነው። «አንድ ነገር ብቻ በቀለም» ብለን የስልክ አፕሊኬሽን የፈጠረው የሚመስለን ነገር እንግዲህ ከቅድመ አያቶቻችን ዕድሜ ይበልጣል።

ያኔ ግን ማንም አልተታለለም። ማሽኑ ቀለም ማየት እንደማይችል ሁሉም ያውቃል። ሮዙን ጉንጭ ያየ ሰው «ይህ የብሩሽ ሥራ ነው» ብሎ ነው የሚያየው። እንደ ሠርግ ቀን ኩል ነው፤ ሙሽራዋ ኩል መኳሏን የማያውቅ ዕድምተኛ የለም።

ነጩ ባንዲራ እንዴት ቀይ ሆነ

አሁን ወደ ሲኒማ እንሻገር፤ ሲኒማም ተከታትሎ የሚሮጥ ፎቶ ነውና።

በ1925 ሰርጌይ አይዘንስታይን የተባለ ወጣት ሶቪየት ዳይሬክተር «የጦር መርከብ ፖተምኪን»ን ሠራ። ታሪኩ በ1905 በዛሩ መርከብ ላይ ስላመፁ መርከበኞች ነው። አመፁ ሲሳካ መርከቡ ላይ ቀይ ባንዲራ መውለብለብ አለበት። ችግሩ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ከዚያም የባሰው፣ የዚያን ጊዜው የፊልም ዓይነት ቀይ ቀለምን የማያይ ዕውር ነበር። ቀይ ጨርቅ ፊቱ ብታውለበልቡ ጥቁር አድርጎ ነው የሚቀርጸው። የአብዮት ባንዲራ የባሕር ወንበዴ ባንዲራ ሊመስል ማለት ነው!

አይዘንስታይን ምን አደረገ? ነጭ ባንዲራ ሰቅሎ ቀረጸ። ከዚያ ባንዲራው የሚታይባቸውን 108 ፍሬሞች አንድ በአንድ በእጅ ቀይ አስቀባቸው። ስክሪኑ ላይ ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። ግራጫ ባሕር፣ ግራጫ ሰማይ፣ ግራጫ መርከብ፤ ከላይ ግን ቀይ ባንዲራ።

ይህን እንዴት እንፍረደው? ካሜራው ፊት የነበረው ባንዲራ ነጭ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ቀይ ነው። በቃል ካየነው ውሸት ነው። መርከበኞቹ በ1905 የሰቀሉት ግን ቀይ ነበር፤ ካሜራው ብቻውን ቢተው ኖሮ የሚያሳየን ጥቁር ነበር። ብሩሹ ማሽኑ የሳተውን እውነት መለሰ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ፊልም ላይ ዓለም የማይረሳው ትዕይንት የኦዴሳ ደረጃ ላይ የሚታየው ጭፍጨፋ ነው። በከተማዋ በዚያ ጊዜ ሰዎች ተገድለዋል፤ በደረጃው ላይ በፊልሙ መልክ የተፈጸመ ጭፍጨፋ ግን አልነበረም። ያን ትዕይንት የነካው ብሩሽ የለም። ስንቱ ሰው ግን እንደ ታሪክ ማስረጃ ቆጥሮታል። የተቀባው ባንዲራ ወደ እውነቱ ሲቀርብ ያልተቀባው ደረጃ ከእውነቱ ራቀ። ስለዚህ «ኤዲት ከተደረገ ውሸት፣ ካልተደረገ እውነት» የምትሉ ወገኖች፣ ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም።

ቀይ ካፖርት

ከ68 ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ ስቲቨን ስፒልበርግ ያንኑ ዘዴ አነሣው። «የሺንድለር ዝርዝር» ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ናዚዎች የክራኮውን የአይሁድ ሰፈር ሲያጸዱ ሺንድለር ከኮረብታ ላይ ሆኖ ያያል። በዚያ ሁሉ ግራጫ መሐል አንዲት ትንሽ ልጅ ቀይ ካፖርት ለብሳ ትሄዳለች። በኋላ ያንን ካፖርት በሬሳ ጋሪ ላይ እናየዋለን። ስም አልተጠራም፣ ፊቷ አልቀረበም። በቀለሙ ብቻ ለየናት።

ስፒልበርግ ሲያብራራ፣ ጭፍጨፋው እንደ ቀይ ካፖርት በግልጽ የሚታይ ሆኖ ሳለ ኃያላኑ መንግሥታት ለማስቆም አለመንቀሳቀሳቸውን ማሳየት እንደፈለገ ተናግሯል። ተመልካቹም ይህ የዳይሬክተሩ እጅ እንደሆነ ያውቃል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ቀይ ካፖርት ብቅ ሲል «ካሜራው እንዲህ አየ» የሚል ሰው የለም። ዳይሬክተሩ እጁን አውጥቶ «እዚህ ጋ እዩ» እያለን ነው።

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ፣ ባለ ሮዝ ጉንጯም ባንዲራውም ካፖርቱም፣ በግራጫ ላይ የተቀመጡ ቀለሞች ናቸው። ስፌታቸው ይታያል። ነገሩ የተበላሸው ስፌቱ መታየት ሲያቆም ነው።

ስፌቱ የጠፋበት ዘመን

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፎቶን በኮምፒውተር የሚነካካ ማሽን ነበር፤ ዋጋው ግን የትልልቅ ማተሚያ ቤቶች አቅም ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ በየካቲት 1982 ሽፋኑ ላይ የጊዛን ፒራሚዶች አቀራርቦ ያወጣው በእንዲህ ያለ ማሽን ነው። የአግድም ፎቶ ለቁም ሽፋን አልመች ሲል ፒራሚድ ገፋ! (ፈርዖኖቹ ስንት ዓመት የለፉበትን ድንጋይ።)

ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች መጡ። ቶማስ ኖል በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነው፤ ጆን ኖል የፊልም ልዩ ምስሎች በሚሠሩበት ኩባንያ ይሠራል። የጻፉትን ፕሮግራም አዶቤ በፌብሩዋሪ 1990 «ፎቶሾፕ» ብሎ አወጣው። የተራራ ያህል ዋጋ ያለው ማሽን ሥራ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

የአንድ ነገር ቀለም እንዴት ይቀየራል? አሠራሩን ማወቅ ስለሚጠቅም ላስረዳ። ኮምፒውተሩ አንድን ቀለም በሦስት ይከፍለዋል፦ የቀለሙ ዓይነት (ቀይ ነው ሰማያዊ?)፣ ድምቀቱ (የፈዘዘ ነው የጋለ?) እና ብርሃኑ (ጨለማ ነው ብሩህ?)። ኤዲት የሚያደርገው ሰው የሚፈልገውን ነገር፣ ለምሳሌ ቀሚስ፣ ለይቶ ይመርጥና የቀለሙን ዓይነት ብቻ ያዞራል። ብርሃኑን አይነካም። ስለዚህ የቀሚሱ እጥፋት፣ ጥላው፣ ሽብሽቡ ሁሉ እንዳለ ይቀራል። ዓይናችን ደግሞ የአንድን ነገር ቅርጽ የሚያነበው ከብርሃንና ከጥላ ነው። ጥላው ትክክል ከሆነ ዓይን ያምናል። የድሮው ብሩሽ ጥላውን ይሸፍን ስለነበር ይታወቅ ነበር፤ አዲሱ ብሩሽ ከጥላው ሥር ነው የሚገባው።

ይህ ኃይል ጋዜጠኞች እጅ ሲገባ ምን ሆነ? ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

አንደኛው የ1994ቱ ነው። የእግር ኳስ (የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ) ኮከብ የነበረው ኦ. ጄ. ሲምፕሰን የቀድሞ ባለቤቱንና አንድ ወጣት በመግደል ተጠርጥሮ ተያዘ። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ያነሳውን ፎቶ ታይምና ኒውስዊክ መጽሔቶች በአንድ ሳምንት ሽፋናቸው ላይ አወጡት። ኒውስዊክ እንዳለ አወጣው። ታይም ግን ለሠዓሊ ሰጥቶ አስጠቆረው። ሁለቱ መጽሔቶች ጋዜጣ መሸጫው ላይ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ጉዱን አየ፦ አንድ ሰው፣ አንድ ፎቶ፣ ሁለት የቆዳ ቀለም። ፍርድ ቤት ገና ምንም ሳይል ጠቆር ያለው ፊት «ጥፋተኛ» ብሎ የፈረደ መሰለ። የታይም ኃላፊ በሚቀጥለው ዕትም፣ የዘር ትርጉም ያለው ነገር አላሰብንም ብለው ጻፉ። አላሰቡም ይሆናል። ጥቁር ሰው ሲጠቁር ይበልጥ የሚያስፈራ ሆኖ የሚታይበት ሀገር ውስጥ መኖራቸው ግን የታወቀ ነው። ሲምፕሰን በኦክቶበር 1995 በፍርድ ቤት ነፃ ተባለ፤ የጠቆረው ሽፋን ግን እስከ ዛሬ የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ውስጥ ችሎት ላይ ነው።

ሁለተኛው የ2006 ነው። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የሚታተመው ሻርሎት ኦብዘርቨር ጋዜጣ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በመሰላል ላይ፣ ከበስተኋላው ፀሐይና የጋለ ቀይ ሰማይ ያለበትን ፎቶ አወጣ። ያማረ ፎቶ ነው። ቆይቶ ሲጣራ ዋናው ፎቶ ላይ ሰማዩ ቡናማና ግራጫ ነበር። ፎቶ አንሺው ከሥራ ተባረረ። የሰውዬው ማስረዳት ይገርማል፦ አንባቢ ላታልል አይደለም፣ የፀሐዩን ብርሃን ለመቋቋም ካሜራውን ሳስተካክል የጠፋውን የሰማይ ቀለም ልመልስ ነው አለ።

ይህ እኮ የአይዘንስታይን ክርክር ነው! ማሽኑ የሳተውን ብሩሹ መለሰ። አንዱ የዓለም ሲኒማ ታሪክ ላይ ሲጻፍ ሌላው እንጀራውን አጣ። ፍርደ ገምድል ነው? አይመስለኝም። ጋዜጣ ለአንባቢው ሳይናገር የገባው ውል አለ፦ «እዚያ ቆሞ የነበረ ሰው ያየውን ነው የማሳይህ» የሚል። ፊልም ሠሪ ይህን ውል አልፈረመም። የሰማዩን ቀለም አንባቢው የሚያጣራበት መንገድ የለውም፤ ያለው ነገር እምነት ብቻ ነው።

ወደ ውሃው እንመለስ

አሁን ለሉክሶር ጥያቄ መልስ ያለን ይመስለኛል። ደም በእውነት ፈስሶ ሳለ ውሃን ማቅላት ምን ይጎዳል?

አንደኛ፣ እውነቱ አልበቃም ማለት ነው። 62 ሰው መሞቱ የማያስደነግጠውን አንባቢ ቀይ ኩሬ ያስደነግጠዋል ብሎ ማሰብ ሟቾቹን መናቅ ነው። የ36 ሰው ቤተሰብ ያንን ጋዜጣ ገዝቶ «የእኔ ሰው ደም ይሆን?» ብሎ ሊያየው ይችላል። ያየው የቢሮ ቀለም ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ሐሰተኛው ደም ሲጋለጥ እውነተኛውን ይዞት ይሄዳል። «ያ ፎቶ ውሸት ነበር» የሚለው ወሬ አንዴ ከወጣ፣ ነገሩን መካድ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ከዚያ በኋላ እውነተኛ የደም ፎቶ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ፎቶሾፕ ነው» ይባላል። ባዶ ሜዳ ላይ የተወለደ ውሸት ይጋለጣል፤ ብቻውን ይሞታል። እውነት ላይ የተቀባ ውሸት ግን ሲሞት ብቻውን አይሞትም።

ይህን ወደ ሰፈራችን ስናመጣው

እኛ ሀገር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ባንዲራ ላይ ያለ አንድ ቀለም ወይም አንድ ምልክት ስንት ሰው እንደሚያጣላ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የሰልፍ ፎቶ ላይ የአንድ ጨርቅ ቀለም መቀየር የሰልፈኛውን ሐሳብ መቀየር ነው። የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ ቡና እስኪፈላ እንኳን አይሞላም።

ሌላም አለ፤ በደግ ልብ የሚደረገው። የምኒልክን፣ የጣይቱን፣ የአርበኞችን ጥቁርና ነጭ ፎቶ በኮምፒውተር እያቀለሙ መለጠፍ ተለምዷል። ደስ ይላል፤ እኔም አያለሁ። ግን ማሽኑ የካባውን ቀለም አያውቅም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሌሎች ፎቶዎችን አይቶ ይገምታል እንጂ። የጥንቱ የፎቶ ሳህን ደግሞ በደንብ የሚያየው ሰማያዊን ነበር። ሰማያዊ ነጣ ይላል፤ ቀይ ይጨልማል። ለሰማያዊ ብቻ ንቁ በሆነ ሳህን ላይ አረንጓዴውም ቢጫውም ቀዩም ሦስቱም ወደ ጥቁርነት ያደላሉ። እናም «ካባው በፎቶው ላይ ጥቁር ስለሆነ ጥቁር ነበር» ማለት አይቻልም፤ ደማቅ ቀይ ሊሆን ይችላል። የተገመተውን ቀለም እንደ ታሪክ ካየነው ልጆቻችን የሚወርሱት የኮምፒውተር ግምት ነው።

ግምት የት ድረስ እንደሚሄድም ታይቷል። በ2021 ቫይስ የተባለው ሚዲያ በካምቦዲያው ቱዎል ስሌንግ እስር ቤት ከመገደላቸው በፊት ፎቶ የተነሱ ሰዎችን ምስል ቀለም አስገብቶ አወጣ። ሰዎች ከዋናዎቹ ጋር ሲያስተያዩ አንዳንዶቹ ፊቶች ላይ ፈገግታ ተጨምሮ ተገኘ። የካምቦዲያ የባህል ሚኒስቴር ተቃወመ፣ ጽሑፉም ተነሳ። ቀለም ልጨምር ብሎ የገባ እጅ ሞት የሚጠብቀውን ሰው አስቆ ወጣ!

ታዲያ ፎቶ አንንካ? ኧረ እንንካ። የልደት ፎቷ ላይ ቀሚሷን ወይን ጠጅ ያደረገች ልጅ ማንንም አልበደለችም። ለመለየት ግን ዓይናችንን እናሠልጥን። ቀይ ነገር አጠገቡ ባለው ነገር ላይ ቅላቱን ይረጫል፤ የቀላው ቀሚስ አጠገብ ያለው ክንድ ላይ ያረፈው ብርሃን ሰማያዊ ከሆነ ጠርጥሩ። መስታወትና እርጥብ አስፋልት ውስጥ ያለውን ነጸብራቅ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ኤዲት የሚያደርገው ሰው እሱን ይረሳል። የነገሩን ጠርዝ እዩ፤ ጸጉርና ጭስ ላይ ቀለም ይፈሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋናውን ፎቶ ፈልጉ።

ቀለም ለምትቀቡ ወዳጆቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፦ «ቀለሙ የኔ ነው» ብላችሁ ከሥሩ ጻፉ። አራት ቃል እንኳን አይሞላም። ኢዘንሪንግ ይህን መጻፍ አላስፈለገውም፤ ብሩሹ ራሱ ይናገርለት ነበር። የእኛ ብሩሽ ዝም ያለ ስለሆነ እኛ መናገር አለብን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይጠራል፣ ግን እስኪጠራ ድረስ በቀላ ውሃ ምክንያት ስንት ሰው ይጣላል?